ያማክራል እንጂ! ስለ ወንድ ልጅ ግርዛት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «አንብበውና ፍረድ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «ወንድ ልጅ ከተወለደ ግርዛቱ ምን ያማክራል?» ይላል። የወዳጄ ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ወንድ መሆኑን በአልትራሳውንድ አይተዋል። እሱ ጽሑፉን ሲያነብ ነገሩ ያለቀለት መስሎታል። እኔ ሳነበው ግን ቡናዬ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ግርዛት የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለሆነ አያከራክርም። ስምንተኛው ቀን ደግሞ በሳይንስ ተረጋግጧል። አራስ ልጅ ሕመም አይሰማውም። የተገረዘ ሰው ኤችአይቪ አይዘውም። ያልተገረዘ በእኩዮቹ መሳቂያ ይሆናል። ከሐኪም ይልቅ ልምድ ያለው ገራዥ ይሻላል። ፈረንጆች ግርዛትን ከልክለዋል፣ ነገ እኛጋ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር፣ እግረ መንገዱን፣ «እናቶቻችንስ ተገርዘው የለ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ያልፋል።

የራሴን አስቀድሜ ልናገር። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሁለቱም ተገርዘዋል። ሦስተኛ ወንድ ቢመጣም የማስገርዘው ይመስለኛል። ስለዚህ «ፈረንጅ አበላሸው» ለማለት የምትቸኩሉ ትንሽ ታገሱኝ። ጠቤ ከግርዛት ጋር አይደለም። ጠቤ ጽሑፉ ከደረደራቸው ምክንያቶች ጋር ነው። የተሳሳተ ምክንያት የተሳሳተ ጥድፊያ ያመጣል። ጥድፊያው ምን እንደሚያደርግ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ።

ከትእዛዙ ልጀምር። ጸሐፊው ዘፍጥረት 17ን ይጠቅሳል። ለአብርሃም የተሰጠው ቃል ኪዳን፣ ስምንተኛው ቀን፣ ሁሉም እዚያ አለ። ጌታም በስምንተኛው ቀን ተገርዟል። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን «ግዝረት» ብላ ታከብረዋለች። ከልደት፣ ከታኅሣሥ 29 ጀምራችሁ ቁጠሩ፣ ልክ ስምንት ይመጣል። እስከዚህ ተስማምተናል። ጸሐፊው ግን መጽሐፉን እዚያ ላይ አጠፈው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ኢየሩሳሌም ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ተደርጓል። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ ተብሎ ክርክር ተነሣ። መጨረሻ ላይ ይህን ሸክም አንጫንባቸው ተባለ። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት እንደሆነ ጽፎላቸዋል።

ይህ የኔ ትርጓሜ እንዳይመስላችሁ። አፄ ገላውዴዎስን እንጥራቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን የፖርቱጋል መንገድ ተከትለው የመጡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያውያንን «እናንተ እንደ አይሁድ ናችሁ» ይሉ ነበር። ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ የአሳማ ሥጋ አትበሉም የሚል ነው ክሱ። ንጉሡ በ1555 የእምነት መግለጫ ጽፈው መለሱ። ስለ ግርዛት የሰጡት መልስ በጣም ያስደስተኛል። የምንገረዘው የሙሴን ሕግ ለመፈጸም አይደለም፣ የአገር ልማድ ነው አሉ። በኢትዮጵያና በኑብያ ፊት እንደሚበጣ፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳ ያለ ልማድ ነው አሉ።

አስቡት። የኦርቶዶክስ ንጉሥ፣ ከግራኝ ጦርነት ማግስት፣ ሃይማኖታቸውን ሲከላከሉ ነው ይህን የጻፉት። ግርዛትን ከእምነት ምሰሶ ጋር አላሰሩትም። ልማዳችን ነው ብለው ደረታቸውን ነፍተው ተናገሩ። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም። ልጄን ያስገረዝኩት አባቴም፣ አያቴም፣ እኔም ስለተገረዝን ነው። ይህን መናገር ምን ያሳፍራል? ልማድ ነው ካልን ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውንና እጁን መምረጥ እንችላለን። ትእዛዝ ነው ካልን ግን ልጁ ቢያተኩሰውም በስምንተኛው ቀን ምላጭ እናነሣለን።

ጸሐፊው «ያልተገረዘ ልጅ ክርስትና አይነሣም» ብሎ ያስፈራራል። ሁለተኛው ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አልተገረዘም ነበር። ጥምቀት በዳይፐር አይደለም። ራቁቱን ነው የተጠመቀው። ቄሱም አይተዋል። አንድም ቃል አልተናገሩም።

«በስምንተኛው ቀን» ነገርም አንድ ላይ አይሄድም። እዚሁ አገራችን ውስጥ በሙስሊም ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን የሚያደርጉ አሉ፣ ልጁ ከፍ ሲል የሚያደርጉም አሉ። በሲዳማና በቦረና ዘንድ ግርዛት ከአራስነት ጋር ሳይሆን ከዕድሜ ደረጃ ሥርዓት ጋር የተያያዘበት ልማድ አለ። ኢትዮጵያ ማለት የጸሐፊው ሰፈር ብቻ አይደለችም።

ወደ ሳይንሱ እንምጣ። ጽሑፉ «በስምንተኛው ቀን የሕፃኑ ደም የመርጋት ኃይል በዕድሜው ሙሉ ከሚኖረው ሁሉ ይበልጣል» ይላል። ይህን በስብከትም፣ በሠርግ ቤት ጨዋታም ሰምቼዋለሁ። እኔም ራሴ ለሰው አውርቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም እንዲረጋ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል። ልጅ ሲወለድ ይህ ቫይታሚን በሰውነቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። የእናት ጡት ወተትም ብዙ የለውም። ለዚህ ነው ልጁ እንደተወለደ ጭኑ ላይ አንዲት መርፌ የሚወጋው። መርፌዋን ያላገኘ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሊደማ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ድንገት ሊደማ ይችላል። አንጎሉ ውስጥ የሚደማም አለ። ስምንተኛው ቀን ከዚህ የሚያድን አስማት የለውም። የሚያድነው መርፌው ነው።

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው ባለቤቴ ለመታረስ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ። በስምንተኛው ቀን አማቴ ገራዡን አስመጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ የገረዙ። ልጁን አማቴ ያዙት። እኔ ደጅ ወጣሁ። አልቻልኩም። ለቅሶው ሲሰማ እጄን ኪሴ ከትቼ አጥሩን ስቆጥር ነበር። ከዚያ እልል ተባለ፣ ቡና ተፈላ፣ ገንፎ ተበላ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጨርቁ ቀይ ሆነ። ቀየርነው። እንደገና ቀይ ሆነ። አማቴ «ይቆማል ልጄ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» አሉኝ። አራተኛው ጨርቅ ላይ ልጁ ማልቀስ አቆመ። እኔን ያስደነገጠኝ ደሙ አይደለም፣ ዝምታው ነው። መኪና ለምነን በሌሊት ሆስፒታል ገባን። ተረኛው ሐኪም ገና ሳያየው የጠየቀን «ሲወለድ ቫይታሚን ኬ ተወግቷል?» ብሎ ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። መርፌ የሚባል ነገር መኖሩንም አላወቅንም። ወጉት። አንዲት ስፌት ጨመሩለት። ቆመ። ዛሬ 11 ዓመቱ ነው፣ ኳስ ሲጫወት የጎረቤት መስኮት ይሰብራል። ያን ሌሊት ግን ደሙ ስምንተኛው ቀን መሆኑን አላወቀም ነበር።

ሕመሙን በተመለከተ ጸሐፊው «አራስ ልጅ አይሰማውም፣ ቢሰማውም ይረሳዋል» ይላል። እውነት ለመናገር በዚህ የተሳሳተው እሱ ብቻ አይደለም። ራሳቸው ሐኪሞች እስከ 1980ዎቹ ድረስ አራስ ሕፃናትን ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላቸው ነበር። በ1987 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይህ እንዲቀር አሳሰበ። ሕፃኑ ይሰማዋል። ልቡ ይፈጥናል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ የጭንቀት ሆርሞኑ ይጨምራል። «ይረሳዋል» የሚለውም እንደታሰበው አይደለም። በ1997 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት አለ። በአራስነታቸው የተገረዙ ወንዶች በአራት ወይም በስድስት ወራቸው ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ አምርረው አለቀሱ። ማደንዘዣ ቅባት የተቀቡት ደግሞ ሳይቀቡ ከተገረዙት ያነሰ አለቀሱ። በአእምሮው ባያስታውስም ሰውነቱ ያስታውሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ አለ፣ ጥርስ ስንነቀል የምንወጋው ማለት ነው። በብልቱ ሥር በትንሹ ይወጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀድሞ የሚቀባ ቅባትም አለ፣ እሱ ግን እስኪሠራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቀብቶ ወዲያው የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ ቅባቱ ለናንተ ማጽናኛ ነው፣ ለልጁ አይደለም።

ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሐኪሟ «ቢጫነቱ ሳይለቀው ግርዛት የሚባል ነገር እንዳታስቡ» አለችን። ስምንተኛው ቀን አለፈ። አማቴ ደብሯቸው ነበር፣ ግን ያቺን ሌሊት አልረሷትም። በሰባት ሳምንቱ ክሊኒክ ወሰድነው። በዚህኛው ጊዜ እኔ ያዝኩት። ማደንዘዣው ሲወጋ ጮኸ። ከዚያ ጣቴን በስኳር ውኃ ነክሬ አጠባሁት። ሲቆረጥ ጣሪያውን እያየ ነበር። አማቴ በር ላይ ቆመው «ምነው ይሄኛው ዝም አለ?» አሉ።

«ደንዝዞ ነው እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩና «ታዲያ ያኛውንስ እንዲህ አታደርጉትም ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለዚህ ጸሐፊም የምለው ይህንኑ ነው።

«የተገረዘ ኤችአይቪ አይዘውም» የሚለው ከሁሉ ያሰጋኛል። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ተደርገዋል። አንዱ ደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ አንዱ ኬንያ ኪሱሙ፣ አንዱ ኡጋንዳ ራካይ። በድምሩ ከ11 ሺህ በላይ ወንዶች ተሳትፈዋል። የተገረዙት ወንዶች ከሴት ጋር በሚደረግ ግንኙነት በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ ቀንሷል። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ ተመሥርቶ ምክር ሰጠ። የኛዋ ጋምቤላም የወንዶች ግርዛት ዘመቻ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፣ እዚያ ኑዌርና አኙዋ በልማድ ስለማይገረዙ።

ቀነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ከ100 አደጋ ከ40 እስከ 50 ያህሉ ቀረ ማለት ነው። የተጠቀመውም ወንዱ ነው። በቫይረሱ የተያዘን ወንድ መገረዙ ለሚስቱ ከማስተላለፍ አያግደውም። አገራችንን ተመልከቱ። ከአሥር የኢትዮጵያ ወንዶች ዘጠኙ የተገረዙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥማ ያልተገረዘ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት የቫይረሱ ስርጭት ጋምቤላ ላይ 4.8 በመቶ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ 3.4 በመቶ ነበር። ግርዛት ብቻውን ቢያድን ኖሮ በ1990ዎቹ ያን ሁሉ ወጣት ባልቀበርን ነበር። ያን ዘመን ያየ ሰው «የተገረዘ አይዘውም» ብሎ አይጽፍም። ልጁ አድጎ ይህን አምኖ ኮንዶም ቢተውስ? ማን ይጠየቃል?

ደግሞ ይህ ጥቅም የሚመጣው ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። ጥናቶቹም የተደረጉት በአዋቂዎች ላይ ነው። ስለዚህ ኤችአይቪን ለአራስ ማስቸኮያ ማድረግ አያስኬድም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጠው። «በሕፃንነት ይቀላል» ያለው ልክ ነው። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ አራስ ላይ ችግር የሚገጥመው ከ100 አንድ ሁለቱ ላይ ነው፣ አብዛኛውም ቀላል ነገር ነው። ልጁ ከፍ ሲል ችግሩም ይጨምራል፣ ቁስሉም ለመዳን ይቆያል። ጸሐፊው ያልጠቀሰው ጥቅም እንኳ አለ። በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በተገረዙ ልጆች ላይ በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም ያልተገረዙትንም ቢሆን የሚይዛቸው ከ100 አንዱን ገደማ ነው። አንድ ልጅ ከዚህ እንዲድን 100 ያህል ልጆች መገረዝ አለባቸው ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ። ቀጥሎ ደግሞ ግን ሁሉም ልጅ ይገረዝ ለማለት የሚያበቃ አይደለም፣ ለወላጅ ይተው አለ። የኛ ጸሐፊ ማኅበሩን ጠቅሷል፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ።

«ካልተገረዘ ቆሻሻ ይዞ ይኖራል» ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የአራስ ልጅ ሸለፈት ከብልቱ ጫፍ ጋር የተጣበቀ ነው፣ ወደኋላ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። ከላይ በውኃ መታጠብ ይበቃዋል። በግድ የሚጎትቱ ሞግዚቶችና አያቶች አሉ፣ ልጁን ያቆስሉታል። በዓመታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል።

መሳቂያ ስለመሆን ደግሞ። አዎ፣ ስድቡ አለ። «ወሸላ» የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያልሰማ የለም። ይቅርታ፣ ግን ሳልጽፈው ብቀር ማስመሰል ነው። ይህን ምክንያት አልንቀውም። ልጅ ከእኩዮቹ ተለይቶ እንዳይቸገር ማሰብ የወላጅ ወግ ነው። የኔም ልብ ውስጥ ነበር። ብቻ ስድቡን የሚያስተምረው ማን ነው? እኛው ነን። ኑዌሩ ወንድነቱን ግንባሩ ላይ በስድስት መስመር ያስቀርጻል። ያንን መስመር የሌለውን የኔን ልጅ «ገና ልጅ ነህ» ቢለው ምን ልንል ነው? አፄ ገላውዴዎስ ያኔ የፊት ብጣትን ከግርዛት ጎን ያስቀመጡት ዝም ብለው አይደለም። ጸሐፊው ደግሞ ያልተገረዙ ወገኖቹን በዚያ ቃል እየጠራ «ያልሠለጠኑ» ይላቸዋል። ይህን ያነበበ የጋምቤላ ልጅ ምን ይሰማው ይሆን?

አሁን ወደ ገራዡ። ጸሐፊው «ሐኪም መጽሐፍ ያነበበ ነው፣ ገራዥ ግን ሺህ ልጅ አይቷል» ይላል። የልጄን ገራዥ አልረግምም። እጃቸው ፈጣን ነበር። ያጡት ችሎታ አይደለም። ሊያዩ የሚገባቸውን ነገር ያስተማራቸው አልነበረም። ከወንድ ልጆች መካከል ከ200 ወይም ከ300 አንዱ የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ሆኖ ይወለዳል። ያ ልጅ መገረዝ የለበትም። በኋላ ሲስተካከል ሐኪሙ ያንኑ ሸለፈት ቆዳ ይፈልገዋል። ቆርጦ ጣለው ማለት መጠገኛውን ጣለ ማለት ነው። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ፣ የታመመ ልጅም ይጠብቃል። በቤተሰቡ ጥርስ ሲነቀል ወይም ሲቆስል ደም አልቆም የሚለው አጎት ካለ መጀመሪያ ምርመራ ነው። ደግሞ ምላጩ አለ። በአንድ ምላጭ ሦስት ልጅ የሚገረዝበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ቴታነስም፣ የጉበት ቫይረስም፣ ኤችአይቪም በዚያ በኩል ይገባል። ኤችአይቪን ለመከላከል ብሎ በጋራ ምላጭ ማስገረዝ! ከዚህ የባሰ ቀልድ ታውቃላችሁ?

ክሊኒክ ስለሆነ ብቻ ደግሞ አትመኑ። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ አያውቅም። ጠይቁ። ማደንዘዣ ትወጋላችሁ? በምንድን ነው የምትቆርጡት? ማታ ቢደማ ለማን እንደውላለን? የፕላስቲክ ቀለበት የሚያስሩ ከሆነ ቀለበቱ በሳምንት አካባቢ በራሱ ይወድቃል፣ እንዳትጎትቱት። ጫፉ ላይ ቢጫ ስስ ነገር ሲሸፍነው መግል መስሏችሁ እንዳትፍቁት፣ ሲድን እንዲያ ነው። ቫዝሊን ቀቡት ዳይፐሩ እንዳይጣበቅ። ደሙ ተጭናችሁት ካልቆመ፣ ካተኮሰው፣ ወይም 12 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸና አትጠብቁ። አማት «ይቆማል» ቢሉም አትጠብቁ። (እማማ ይህን ቢያነቡት ይስቃሉ።)

«ፈረንጆች ከልክለዋል» የሚለው ደግሞ ወሬ ነው። እህቴ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወልዳ አስገርዛለች። እዚያ የሆነው እንዲህ ነው። በ2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት የአራት ዓመት ሙስሊም ልጅ ከተገረዘ በኋላ ደምቶ በተከሰሰ ሐኪም ጉዳይ፣ በሃይማኖት ምክንያት ልጅን መግረዝ አካል ማጉደል ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ። ሐኪሙ ራሱ በነጻ ተለቀቀ። አገሩ ተናወጠ። አይሁዱም ሙስሊሙም አንድ ላይ ጮኹ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ፓርላማው በ434 ድምፅ ለ100 ለወላጆች የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሥራው በሕክምና ወግ ይሁን፣ ሕመሙ ይታሰብበት ይላል። ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ከሆነ በእምነቱ ማኅበረሰብ የተመረጠና ለዚህ የሠለጠነ ሰውም ሊሠራው ይችላል። አይስላንድ በ2018 የመከልከያ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ ሕግ ሳይሆን ቀረ። «ከልክለዋል» የተባለው ይኸው ነው። የእህቴ ችግር ሌላ ነበር፣ ኢንሹራንሷ አልከፈለላትም። ሐኪሙ «ለምንድን ነው የምታስገርዙት?» ብሎ ሲጠይቃት ሃይማኖት ልበል፣ ጤና ልበል ብላ ተጨነቀች። መጨረሻ ላይ «በአገራችን ልማድ ነው» አለችው። ጽፎ ፈረመ። ገላውዴዎስን አላነበበችም እኮ!

በቀረችው መስመር ላይ ግን አልቀልድም። «እናቶቻችንስ ተገርዘው የለ፣ ምን ሆኑ?»

ምን እንደሆኑ ልንገርህ። በወሊድ ተቀደዱ። ደሙ ፈሶባቸው ሞቱ። ሽንታቸው እያቃጠላቸው፣ ባላቸው ሲቀርባቸው እየተሳቀቁ ኖሩ። ለማንም አልተናገሩም፣ አንተም «ምንም አልሆኑም» አልክ። አማርኛችን ሁለቱንም «ግርዛት» ብሎ በአንድ ቃል ስለጠራቸው ብቻ አንድ አይሆኑም። ከወንዱ የሚወገደው ሸለፈት የሚባል ቆዳ ነው። ከሴቷ የሚቆረጠው የብልቷ አካል ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያ በላይ ተሰፍቶ ይዘጋል። አንዲት የጤና ጥቅም እንኳ የለውም። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 565ና 566 ወንጀል አድርጎታል። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው ተገርዘው ተገኝተዋል። ይህንን «እግረ መንገድ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ስለ ልጆች ሊመክረኝ አይገባም።

ወንድ ልጅም ቢሆን ሳይጠየቅ ነው የሚቆረጠው የሚሉ ወላጆች አሉ። ይህን የሚያነሡትን አልሰድባቸውም። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ለእኔ ልማዱ፣ የጥቅሙ ሚዛንና በሕፃንነት መቅለሉ ተደምሮ አመዘነ። ለሌላው ላያመዝን ይችላል። የሥራ ባልደረባዬ አንዱ ልጁን አላስገረዘም፣ ሲያድግ ራሱ ይወስን ብሎ። ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከልጄ ጋር መስኮት የሚሰብረው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ሚስትህስ ምን ትላለች?» አልኩት። ጽሑፉን ለእሷ አላሳያትም ነበር። የጽሑፉ ርእስ «ምን ያማክራል» ነው አይደል፣ እሱም አላማከራትም። ጠይቃት አልኩት።

ማታ መልሶ ደወለ። ቫይታሚን ኬን፣ ማደንዘዣን፣ ስምንተኛውን ቀን፣ ሁሉንም ነግሯታል። እሷ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። «ማን ነው የሚይዘው?» አለችው።

«እና ምን አልካት?»

«እናቴ ትይዘዋለች አልኳት» አለኝ። «ዝም አለች።»